የጎማ ነጋዴው አቤቱታ

ከቁሓ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ከወሎ የመጣ ጎማ ነጋዴ አጠገቡ ላለችው ሴት ይማረር ነበር።

«ጎማ የሚልኩልን ሁለቱ የውጭ ፋብሪካዎች ተመካክረው እኩል ዋጋ ጨመሩብን። የአንዱ ወኪል ራሱ ‹እነዚያም ጋ ብትሄድ ያው ነው፤ ተነጋግረናል› አለኝ!»

«ታዲያ አትከስም፣ ሓወይ፣ ወንድሜ?»

«ከሰስኩ እንጂ! የኛው አገር የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ‹የተስማሙት ውጭ አገር ነው፤ አይመለከተንም› አለኝ።»

«ፋብሪካዎቹ አገር ላለው መሥሪያ ቤትስ?»

«ጻፍኩላቸው። ‹የተጎዳችሁት እናንተ አገር ነው፤ እዚያው ክሰሱ› አሉ።»

«ዋይ! ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ተደዋውለው አይጨርሱትም?»

«የኛዎቹን ለመንኳቸው። ‹ከእነሱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ካልመጣልን አንደውልም› አሉኝ። ወላሂ፣ ፋብሪካዎቹ በማኅተም ነው እንዴ የተደዋወሉት?»

አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የዚያኑ የአገራችን መሥሪያ ቤት መታወቂያ ቀስ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።