የተንጋደደችው «መ»

የመንግሥት ሥራዬን ለቅቄ ጅማ ገበያው አጠገብ የጽሕፈት መኪና መጠገኛ ስከፍት፣ ያላበደ ደመወዙን ጥሎ አይወጣም ብለውኝ ነበር። በሁለተኛው ወር አንድ ካድሬ ገባና ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ዘረጋ። ደርግን የሚያወግዝ፣ በታይፕ የተመታ ጽሑፍ ነው። «ይሄን የመታችው የትኛዋ መኪና ናት?» አለኝ። ወላሂ ገና ሳያት አወቅኳት። «መ» የምትባለዋ ፊደል በየቦታው ወደ ግራ ተንጋዳለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሸቤ ትምህርት ቤት መኪና ናት። ያቺን ፊደል የበየድኳት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ስለነበረች ተቻኩዬ አጣመምኳት። በእኔ ብልሹ ሥራ አንድ አስተማሪ ሊገደል ነው።

«ጓድ፣ በወረቀት ብቻ አይለይም፤ መኪኖቹን ያስመጡልኝና አንድ በአንድ ልያቸው» አልኩት። ለጊዜው ዞር እንዲልልኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን በማግስቱ የከተማውንም የአካባቢውንም መኪና በላንድሮቨር አስጭኖ አመጣና፣ በር ላይ ጠባቂ አቁሞ ምሳ ሊበላ ሄደ። ጀርባዬን ለጠባቂው ሰጥቼ የሸቤዋን ከፈትኩና «መ»ን በፒንሳ አቀናኋት። አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ እንዳላጣምማት ፈርቼ ነበር።

ካድሬው ተመልሶ በሁሉም መኪና አስመታኝ። አንዷም ከወረቀቱ ጋር አልገጠመችም። ወረቀቱን አጠፈና፣ «የተጣመመችው ይቺ ፊደል ብቻ ናት፤ ስትበየድ ነው» አለ። «እንዲህ አድርጎ የሚበይድ ሰው ፈልግልኝ። መኪናዋን የሚያውቃት እሱ ነው።»

«እፈልግልዎታለሁ» አልኩት። ፒንሳዋ ገና እጄ ላይ ነበረች።