በሃምሳው የጾሙ ሴሎች

ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፤ ሰው በሌለበት ቤተ ሙከራ ወጣቱ ተመራማሪ ይበልጣል የሴል ሳህን ይዞ፣ ዕቃ አጣቢዋ እትዬ አስካለ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ቆመዋል።

ይበልጣል፦ እኮ እትዬ፣ ማን አበላቸው?

አስካለ፦ እኔ ነኛ። ክዳኑ ላይ «ጾም» ብለህ ጽፈሃል። በሃምሳው ማን ይጾማል? የረሳሃቸው መስሎኝ።

ይበልጣል፦ ሆን ብዬ ነው ያስጾምኳቸው።

አስካለ፦ በበዓል? ምን በደሉህ?

ይበልጣል፦ ጠግበው ከዋሉ ሙከራው ምኑን ይነግረኛል? መልእክቱ የሚለየው ሲራቡ ነው። ዓርብ ውጤት ካላመጣሁ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

አስካለ፦ እጄን በአልኮል አሽቼ ነው እኮ፣ እንዳንተ። ማር ከምትመስለዋ ጠርሙስ ጠብ አደረግሁላቸው።

ይበልጣል፦ ሴረሟን? እድገት የሚቀሰቅሰው ሁሉ እሷ ውስጥ ነው ያለው።

አስካለ፦ እንግዲህ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ለመሆኑ ምን መልእክት ነው የሚጠብቁት?

ይበልጣል፦ «እደግ» የሚል። መልእክተኛው ሴሉ ውስጥ አይገባም፤ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል። በሩ ላይ ያሉት ተቀባዮች ሲሰሙ ፎስፌት የምትባል ማኅተም ይለጣጠፋሉ። ከዚያ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱ ደግሞ ቀጣዩን እያተመ ወሬው እልፍኝ ይደርሳል።

አስካለ፦ በረኛው ራሱን በራሱ አትሞ አይጀምርም?

ይበልጣል፦ ብቻውን አይሆንለትም። ሁለት በረኞች ሲጠጋጉ ነው አንዱ ሌላውን የሚያትመው።

አስካለ፦ የሚያንኳኳ ከሌለስ?

ይበልጣል፦ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በሕይወት አለ፤ ግን አያድግም።

አስካለ፦ ይሄንንስ አውቀዋለሁ።

ይበልጣል፦ ሴሉን?

አስካለ፦ ቤቴን ነው የምልህ። ልጄ ለበዓል ከጅማ እመጣለሁ ብላ፣ በመጨረሻ ሥራ በዛብኝ አለች። አሥራ ሁለት ብልት ሠርቼ የበላሁት አንዱን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ አሉ፤ ይኸው ድስቱን እያሞቅሁ ሦስተኛ ቀኔ። አንተስ ጾሙን በምን ፈታህ?

ይበልጣል፦ በብስኩት። እዚሁ።

አስካለ፦ ብቻህን?

ይበልጣል፦ ሴሎቹ ነበሩ።

አስካለ፦ እነሱ ደግሞ እንኳን አደረሰህ አይሉ።

ይበልጣል፦ ይተዉት እስቲ። ሁለት ሳህን ተርፎኛል። አሁኑኑ አጥቤ ካስጾምኳቸው ነገ ጠዋት ይደርሳሉ።

አስካለ፦ እስከዚያ ምን ትሠራለህ?

ይበልጣል፦ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ።

አስካለ፦ ስታያቸው ቶሎ ይርባቸዋል?

ይበልጣል፦ አይ... የምሄድበት የለኝማ፣ እትዬ።

አስካለ፦ ቤቴ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ አረንጓዴው በር።

ይበልጣል፦ ጓዳ ሆነው ባይሰሙኝስ? ስንቴ ላንኳኳ?

አስካለ፦ አንዴ ይበቃል። ከፋሲካ ጀምሮ በሩ ሥር ነው የምቀመጠው።