ቅቤ የተቀባው የሰማይ ድንጋይና መምህር ኑርዬ ሰዑድ

ከቀብር መልስ በዚህ ድንኳን የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ የታላቅ ወንድሜን የመምህር ኑርዬ ሰዑድን የሕይወት ጉዞ ባጭሩ አነብላችኋለሁ።

መምህር ኑርዬ ከአባታቸው ከአቶ ሰዑድ አብዱልጀባርና ከእናታቸው ከወይዘሮ መስኡዳ ዑበይዱላህ በ1953 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ከውጫሌ ከፍ ብላ ባለች መንደር ተወልደው፣ ቁርኣንን በመንደራቸው ቀርተው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በውጫሌና በሐይቅ ተከታትለው፣ በሥነ ምድር ከተመረቁ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት በሐይቅ ከተማ ሳይንስ አስተምረዋል። ከወይዘሮ ሳጂዳ ጋር ትዳር መሥርተው ሱረያንና ሙአዊያን አፍርተዋል፤ ወይዘሮ ሳጂዳ ግን ባለቤታቸው ከእርሳቸው በፊት ድንጋይ ማግባታቸውን እያነሱ ይቀልዱባቸው ነበር።

አገሩ ሁሉ ስለ ለውጡ በሚከራከርበት በ2011 ዓ.ም. በአቶ አብዱልሃሚድ የማሽላ ማሳ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ ከሰማይ ወደቀ። አቶ አብዱልሃሚድም ከላይ የመጣ እንግዳ እንዴት ደረቁን ይቀመጣል ብለው በለጋ ቅቤ ቀብተው ለመምህር አስረከቡ። ኋላ ለምርመራ የሚፈለግ ድንጋይ ባዕድ ነገር ሊነካው እንደማይገባ ሲሰሙ፣ አበላሸሁት ብለው እጅግ ተጸጸቱ፤ መምህር ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጧቸውም።

ድንጋዩን የፈለጉት ለጌጥ አልነበረም። በሰማይ ከሚዞሩት አለቶች አንዱ ወደ ምድር ቢያመራ መንኮራኩር ልኮ ከመንገዱ ገፋ ማድረግ እንደሚቻል፣ ነገር ግን አለቱ አንድ ወጥ ይሁን የተጠራቀመ ኮረት ሳይታወቅ ምን ያህል መገፋት እንዳለበት ማቀድ እንደማይቻል ያስተምሩን ነበር። መንኮራኩሮች ከሩቅ አለቶች አሽገው ስላመጡት ናሙና በሰሙ ቁጥር፣ ያ ቅቤ ያልነካው ነው እያሉ ይስቁ ነበር።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ፣ ሰው ይቀድማል ብለው ድንጋዩን ከቤት ትተው፣ አረጋዊት እናታቸውን ደግፈው ተሰደዱ። ደብረ ብርሃን ደርሰው ጓዛቸውን ሲፈቱ ግን መምህር፣ ወይዘሮ ሳጂዳ ከዱቄቱ ጋር ጠቅልለው አዝለውት የመጡትን ድንጋይ አገኙና ሰው ፊት አለቀሱ።

ከስደት ሲመለሱ ከድንጋዩ ቁራጭ ወስደው ለተመራማሪዎች ላኩ። መልሱ የደረሰው በኩላሊት ሕመም ተኝተው ሳሉ ነው፤ ሱረያ አነበበችላቸው፤ ደጋግማ እንድታነብላቸውም ጠየቋት። በጥር 2017 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት አንድ መልእክት ብቻ በአደራ ሰጡኝ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታችንን ወይዘሮ መስኡዳንና እኔን ትተውን ሄደዋል።

አደራውም ይኸው ነው። ጋሽ አብዱልሃሚድ፣ ቅቤዎ ከቅርፊቱ አላለፈም። ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥንካሬው ተለክቶ፣ መንኮራኩሮቹ ካመጡት ጋር ተነጻጽሮ፣ ምድርን ለመጠበቅ በሚታቀድበት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ወንድሜ ምንም አላበላሹም ብለዎታል።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ በጀነት ያኑራቸው፤ ለእናታችንም ሶብሩን ይስጣት። አሚን።