ሽማግሌ ከመላክ መመሪያ ማንበብ

አቶ ኃይለገብርኤል ባምቢስ ሱፐርማርኬት ዳር ቆመው ሽማግሌዎች ሲጠብቁ ሂባ አገኘቻቸው። ሂባ ካዛንቺስ፣ ከእሳቸው ጎን ባለው ቢሮ የምትሠራ ፕሮግራመር ናት።

«ጋሼ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ወዴት ነው? ሰርግ አለ እንዴ?»

«ሽማግሌ ይዤ ቴዎን ልለምን» አሉ አቀርቅረው።

ቴዎ፣ አቶ ኃይለገብርኤል በሰው ፊት ዘልፈውት ጥሎ የሄደ ሠራተኛቸው ነው። ቢሯቸው ለመድኃኒት ቤቶች የሚሠራውን ፕሮግራም ፋይሎች ሁሉ ገጣጥሞ አንድ የሚያደርገውን የኮምፒውተር መሣሪያ አጠቃቀም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። መሣሪያው በአዲስ ዕትም ከታደሰ ወዲህ መገጣጠሙን እምቢ ብሏል። ፕሮግራሙ ነገ ካልደረሰ ደንበኛው ውሉን ያፈርሳል፣ ቢሮውም ይዘጋል። እሳቸው ግን፣ አንቱ የተባለ ባለሙያ ሆኖ መጠየቅ ውርደት መስሏቸው ጭንቀታቸውን እስከዚያ ቀን ለማንም አልተነፈሱም ነበር፤ አሁን ግን ለሂባ ዘረዘሩላት።

«የመሣሪያውን መመሪያ አይተውታል? ካልገባዎት ደግሞ ተጠቃሚዎቹ ኢንተርኔት ላይ የሚጠያየቁበት መድረክ አለ።»

«የቤቴን ገበና አደባባይ ላውጣ? የማያውቀኝ ሰውስ ምን ዕዳ አለበትና ይረዳኛል?»

«ገበናዎን ማን ጠየቀዎት? የመድኃኒት ቤቶቹን ነገር አውጥተን፣ በቃ፣ ስህተቱን የሚያሳዩ ሁለት ፋይሎች ብቻ እናስቀራለን። የሚመልሰውም ሰው እኮ በተራው ጠያቂ ነበር። ‹መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ› ብላችሁ አይደል ያሳደጋችሁን?»

«እሱ ለተማሪ የተባለ ነበር የሚመስለኝ።»

«ሽማግሌዎቹ እንደሆኑ በአበሻ ቀጠሮ ነው የሚመጡት። እስከዚያ እንሞክረው።»

በእግራቸው ወደ ቢሮው ሄዱ። ሂባ ፋይሎቹን አሳጥራ፣ ምን እንደሞከሩና ምን እንደገጠማቸው በአጭሩ ጽፋ መድረኩ ላይ ለጠፈች። ብዙም ሳይቆይ አንድ የማያውቁት ሰው መመሪያው ውስጥ ያለ አንድ ገጽ ጠቆማቸው። አቶ ኃይለገብርኤል መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። አዲሱ መሣሪያ የትኛው ፋይል የትኛውን እንደሚፈልግ በግልጽ እንዲጻፍለት ኖሯል የሚፈልገው። ጻፉለት፤ ፕሮግራሙም ተገጣጠመ።

«መልሱ ይህን ሁሉ ቀን ከደጄ ተቀምጦ ነው?» አሉ፣ ደስታና እፍረት ተቀላቅሎባቸው።

በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ የተቆለፈ እውቀት ሰውየው የወጣ ዕለት አብሮት ይወጣል፤ አንብቦና ጠይቆ የተማረ ቤት ግን ማን መጣ ማን ሄደ ሳይል ሥራውን ይሠራል። ይህን የተረዱት አቶ ኃይለገብርኤል መፍትሔውን ለሚቀጥለው ጠያቂ እዚያው መድረክ ላይ አስጻፉ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹ ባምቢስ ደርሰዋል።

«እንግዲህ ይመልሷቸዋላ፤ ቴዎ አላስፈለገም» አለች ሂባ።

ኮታቸውን አነሡ። «አልመልሳቸውም። ቅድም የምሄደው የሚያውቀውን ፈልጌ ነበር። አሁን ይቅርታ ልጠይቀው ነው።»