ቆቦ ላይ የወረደው በረኛ

በኳስ ዘመኔ ማንን አደንቅ እንደነበር ትጠይቁኛላችሁ፤ በረኛችንን ሙሄን ነው። በወሎው ረሃብ ጊዜ ለጨዋታ ወደ አስመራ ስንሄድ አውቶቡሳችን ቆቦ ላይ ቆመ። ሙሄ እዚያው አጠገብ ያለችው የጎብዬ ልጅ ነውና፣ መንገድ ዳር የወደቀውን የአገሩን ሰው ሲያይ ሻንጣውን ይዞ ወረደ። አሠልጣኛችን «ከቀረህ ቦታህን ለሌላ ነው የምሰጠው!» ብለው ጮኹበት። «ይስጡት ጋሼ፤ እኔ ወገኔን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አላቸው።

ተሸንፈን ስንመለስ እዚያው አገኘነው። ከስቷል። አንዲት የታመሙ እናት በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መጠለያው ይሄዳል፤ ከኋላ የያዙት ሽማግሌ ጉልበታቸው ከድቷቸው ይንገዳገዳሉ። በመስኮት «ሙሄ፣ ና እንሂድ እንጂ!» ስለው ቀና ብሎ አየኝና «ወላሂ በጥሩ ሰዓት ደረስክልኝ! በል ከኋላ ያዝ» አለኝ። እንኳን እሱ ሊሳፈር፣ እኔም ወረድኩ።