በጠፍር የታሰረችው መነጽር

በኛ ጊዜ፣ ስሙኝማ፣ ዒላማ በባዶ ዐይን ነው የሚመታ። እዚህ ጉና ሥር ሠርግ ሲሆን ከማዶው ተዳፋት ላይ ቅል ይሰቀላል፤ ቅሏን ያፈረሰ የታረደውን በሬ ሻኛ ይወስዳል። እኔ ታዲያ ያን ሻኛ ለስንት ዓመት ለሰው አሳልፌ አልሰጠሁም። ጎረቤቴ ውበቱ፣ እኩያዬ ነው፣ ሁልጊዜ ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ጉበት ብቻ!

አምና ታዲያ ዐይኔ ከዳኝ። አንዷ ቅል ሁለት ሆና ትታየኝ ጀመር። እና የውበቱ ልጅ ሠርግ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆረጠ። በውበቱ ድግስ፣ በውበቱ ፊት ልስት? ሞት ይሻለኛል አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ አጣሁ።

ደብረ ታቦር ያለው የእህቴ ልጅ ይኸን ሲሰማ የጠመንጃ መነጽር ይዞልኝ መጣ። ክንድ የማትሞላ ቱቦ፣ በሁለት በኩል መስታወት።

"አጎቴ፣ እርስዎ እንዳይነኳት፤ ባለሙያ ጠመንጃውን በስቶ በብሎን ያስራታል" አለኝ።

"ምን? የአባቴን ምንሽር ሊበሳ?"

"እሺ፤ ግን ሲተኩሱ ዐይንዎን ከመስታወቷ አራት ጣት ያህል ያርቁ።"

"አንተ ልጅ፣ ተኩስ ልታስተምረኝ ነው?"

እና እሱ እንደሄደ የበሬ ቆዳ ጠፍር አወጣሁ። ሞፈርና ቀንበር ሳስር የኖርኩ ሰው ይችን ቱቦ ማሰር ያቅተኛል? ጠፍሩን ውኃ ነክሬ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። መጀመሪያ መቀርቀሪያውን አብሬ ጠፍሬው ኖሮ ጥይት ማጉረስ አቃተኝ፤ ፈታሁ፣ እንደገና አሰርኩ። ፀሐይ ላይ አዋልኩት፣ ደረቀ፣ ድንጋይ ሆነ። ባለቤቴ ትሁኔ መጣች፣ አየችው አየችውና፦

"አንቱ ሰው፣ ይኸ ጠፍር ሞራ አይቀባም? ዝናብ ቢመጣስ?"

"ቀንበር ነው እንዴ ሞራ የምቀባው?"

"እንግዲያ እንዳሻዎ" አለች፣ ሳቋን ይዛ።

ወደ እርሻዬ ወርጄ ድንጋይ ላይ ድንች አስቀምጬ ተኮስኩ። ድንቿ ብን! አገር ሰማ፤ እኔው ነኝ ያሰማሁት።

የሠርጉ ዕለት ታዲያ የጉና ጉም ከነካፊያው ወረደብን። ዳስ ግባ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ለምን? መነጽሬ ትታይልኛ! ጠመንጃዬን አንግቼ ካፊያው ላይ ቆምኩ። ክረምት ባረስኩ ቁጥር ጠፍር እየላላ ሦስቴ አራቴ የማጠብቅ ሰው፣ ያን ቀን ትዝ አላለኝም።

ጉሙ ገለጥ ሲል ተራዬ ደረሰ። ሳነጣጥር ቱቦዋ ወደኔ እየተንሸራተተች መጣች፤ እኔ ደግሞ ቀረብ ብላ ጠራችልኝ ብዬ ደስ አለኝ! ዐይኔን ለጠፍኩባት። ቅሏ ጋን አክላ ታየችኝ።

"ውበቱ፣ ቢላህን ሳል፣ ሻኛዬን ቁረጥ!" አልኩና ሳብኩት።

ጧ! ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲገፋ ቱቦዋ ቅንድቤን! ጭቃው ላይ ተንጋለልኩ።

"ቅሏስ?" አልኩ እዚያው እንደተጋደምኩ።

"ቅሏ ደህና ናት፤ የተመታኸው አንተ ነህ" አለ ውበቱ።

እና እሱ በባዶ ዐይኑ አንዴ ተኩሶ አፈረሳት። እልልታው ሲቀልጥ እኔ ቅንድቤ ላይ ክብ ማኅተም ታትሞብኝ ተቀምጫለሁ። አፈርኩ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ እንባዬ መጣ። ውበቱ ታዲያ ሻኛውን ይዞ መጥቶ ፊቴ ቆመ። አሁን ሊሳለቅብኝ ነው ስል፣ አንድ ቁራጭ መተረና ያበጠው ቅንድቤ ላይ ለጠፈልኝ።

"ያዘው፤ እብጠቱን ይመጥልሃል። ደግሞም ሻኛ ሳይደርስህ ሠርጌ አያልፍም" አለኝ። እኔ እኮ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጉርሻ እንኳ ሰጥቼው አላውቅም!

"ታዲያ ቁራጩን ምን አደረጉት?" አላችሁኝ?

ምን አደርገዋለሁ? ዞር ሲልልኝ በላሁት እንጂ! ሻኛ እኮ ነው!

"ኧረ ዞር ሳይል ነው የበሉት!" አለች ትሁኔ ከጓዳ።