ለፓርቲው የፈረምኩት ወረቀት
ሲያትል ውስጥ ቫን ስነዳ የቻይና ሹማምንትን ሬንተን ከተማ ያለውን የአውሮፕላን ፋብሪካ አስጎብኝቼ መለስኩ። ሌሎቹ ሆቴሉ ሲወርዱ አንደኛው ቀረና ማውንትሌክ ቴራስ ያለች እህቱ ዘንድ እንዳደርሰው ለመነኝ። «ከአገር ኮብልላ የወጣች ናት። እንዳየኋት ካወቁ ለፓርቲው አይታመንም ብለው ከሹመቴ ያነሱኛል» አለኝ። ወስጄ መለስኩት። የሹማምንቱ አለቃ ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«የት ወሰድከው?» አለኝ።

«አሟቸው ነበር፤ መድኃኒት ቤት።»

ወረቀት አወጣ። «እንግዲያው ጽፈህ ፈርም፤ ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዛል።»

እንዲህ ያለውን ወረቀት አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ አገር ቤት፣ በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ ጠርተውኝ ስለ ጓደኛዬ እውነቱን ጽፌ ፈርሜያለሁ። በሳምንቱ ጓደኛዬን ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

አሁን ግን የመድኃኒቱን ዓይነት ሳይቀር ፈጥሬ ጻፍኩ። አለቃው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጥሩ ነው። አገር ቤት ስንገባ ቢጠይቁን ለእሱም ለእኔም ይበቃል» አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው።